ሞላ ያለ፣ የድሮ ድምፅ

ለዝሬንያኒን ከተማ ሕዝብ በሙሉ በታላቅ አክብሮት ይገለጻል፤ የዳቦ ቤቱ ሾፌር ቩካሺን የጊታሩን ማግኔት ሊያስቀይር ነው። አሁንም።

ከተማው ዜናውን በእርጋታ ተቀበለው። የበጌይ ወንዝ ድሮም እንደ ነገሩ ነበር የሚፈሰው፤ በዚያው ቀጠለ። ጉዳዩ ከልብ ያሳሰባቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ሦስቱም ምንም እንዳላሳሰባቸው ሆነው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ይገናኛሉ።

ሱቋ የጋሽ ራዲቮይ ናት። የተቃጠለ ሞተር ሽቦ በአዲስ ይጠመጥምባታል፤ የውሃ ፓምፕ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ አንዳንዴም የጎረቤት ማራገቢያ። ዕድሜውን ሙሉ የሚጮህ ሞተር አጠገብ ስለኖረ ጆሮው ከባድ ነው ይባላል። ደንበኛ «ዋጋው አልበዛም?» ሲለው ፈጽሞ አይሰማም። አይብ የተሞላ ቂጣ፣ ትኩስ ቡሬክ፣ የተጠቀለለበት ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ግን ጀርባውን ሰጥቶም ቢሆን ቀና ይላል።

ሴት ልጁ ኔቬና እዚያው ጥግ ላይ የራሷ ጠረጴዛ አላት። እሷ የምትጠመጥመው ሽቦ ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ የጊታር ማግኔት ትሠራለች። ከክሮቹ ሥር ተቀምጦ ንዝረታቸውን ወደ አምፕሊፋየሩ የሚልከው እሱ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ እሱ ጣውላ ነው።

ቩካሺን መጀመሪያ የመጣው በረዶ ሲጥል ነበር። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ያደርሳል፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ሠርግ ላይ ጊታር ይጫወታል። ጊታሩን ጠረጴዛዋ ላይ አጋደመ፣ ከዳቦ ቤቱ ያመጣውን ቡሬክ አጠገቡ አስቀመጠ።

«ምኑን አመመው?» አለች ኔቬና።

«ያጉረመርማል። የአዳራሹ መብራት ሲበራማ… ንብ የገባበት ነው የሚመስለው።»

«ባለ አንድ የሽቦ ጥቅል ስለሆነ ነው። ያገኘውን ሁሉ ይሰማል፤ ክሩንም፣ መብራቱንም፣ ፍሪጁንም። ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን አድርጌ፣ አንዱን በተቃራኒ እገጥምልሃለሁ። የአንዱን ጉርምርምታ ሌላው ያጠፋዋል።»

«እርስ በርስ ተጠፋፍተው ምን ይተርፋል?»

«ዘፈኑ።»

ቩካሺን ይህን ሲሰማ ጊታሩን ማየት ትቶ እሷን አየ። ቶሎ አልመለሰውም ዓይኑን።

«እና… ሞላ ያለ እንዲሆን ነው የምፈልገው» አለ በመጨረሻ። «የድሮ ድምፅ።»

«ሰው ሁሉ እንደዚያ ይላል። እንዴት ያለ ሞላ?»

አሰበ። «ከውጭ ቅርፊት ያለው፣ ከውስጥ ለስላሳ።»

«ዳቦ ነው እኮ ያዘዝከኝ።»

«ሌላ የማውቀው የለማ!»

ጀማሪ ሁሉ ብርቱ ማግኔት ሲገጠምለት ድምፁ የሚሞላ ይመስለዋል። ብርቱ ማግኔት ግን ክሩን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ደካማው ይለቀዋል፤ ክሩም እንደ ልቡ ሲወዛወዝ ነው ድምፁ የሚሞላው። ያ ሰው ሁሉ የሚናፍቀው የድሮ ድምፅ ደካማ ማግኔትና እኩል ያልሆኑ ሁለት ጥቅሎች የፈጠሩት ነገር ነው። ኔቬና ይህን አሳምራ ታውቃለች። እንደዚያ ያለ ጥንድ ሠርታ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣ ነበር። ለቩካሺን ግን ብርቱውን ገጠመችለት። ለምን ብሎ የጠየቃት ሰው የለም።

ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ።

«ይጮሃል» አለ፣ ደስ ብሎት።

ሌላ ቀየረችለት። ያንንም ይዞ መጣ። «አሁን ደግሞ ታፈነ።»

ኔቬና ማግኔቱን ከክሮቹ የሚያርቁትንና የሚያስጠጉትን ብሎኖች ጎንበስ ብላ አየች። ሥራ ስትጨርስ እንዳይላሉ አናታቸው ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ታደርጋለች። ቀለሙ ተሰነጣጥቋል። የሆነ ሰው በካቻቢቴ አዙሮ ማግኔቱን ክሮቹን ሊነካ እስኪደርስ አስጠግቶታል።

«መንገዱ ይሆናል» አለች። «የዳቦ መኪና ያንገጫግጫል።»

«ኧረ በጣም!» አለ ቩካሺን፣ እስከ ጆሮው ቀልቶ።

ጋሽ ራዲቮይ ጀርባውን እንደሰጠ ቡሬኩን ይበላል። ማታ እራት ላይ ግን ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። «ሙዚቀኛ ባል ይሆናል እንዴ? እሁድ እሁድ የሰው ሠርግ ላይ ከዋለ ሾርባውን ማን ይበላለታል?»

«ማን ስለ ባል አወራ አባዬ?»

«አልሰማሁሽም» አለ ጋሽ ራዲቮይ።

እንዲህ እንዲህ እያለ በረዶው ቀለጠ፣ ዛፎቹ ለመለሙ። የእነ ቩካሺን ባንድ በጋውን ሙሉ ቡድቫ ባሕር ዳርቻ ባለ ሆቴል ሊጫወት ተዋዋለ፤ ሰኞ ይነሳሉ። ኔቬናን ደግሞ በሌላ አገር፣ ማሪቦር ከተማ የሚገኝ የትራንስፎርመር ፋብሪካ ደውሎ ለሥራ ጠራት፤ መልሷን አርብ ትሰጣለች። ሐሙስ ጠዋት ስኒ እያጠበች ወሰነች። ዛሬ ቩካሺን ስለ ጊታሩ የተፈጠረ ምክንያት ሳይሆን ለራሷ የሚሆን አንድ ቃል ከተናገረ ትቀራለች። ጊታሩን ተቀብሎ «አመሰግናለሁ» ብሎ ከወጣ ትሄዳለች።

ከሰዓት በኋላ መጣ። ቡሬኩን ረስቶ ነበር። ጋሽ ራዲቮይ ባዶ እጁን አይቶ በረጅሙ ተነፈሰ።

ኔቬና መሳቢያዋን ከፍታ ደካማውን ጥንድ አወጣች። ገጠመችው፣ ብሎኖቹን ለካች፣ ቀዩን ቀለም ጠብ አደረገች። «የመጨረሻው ነው» አለች ቀና ሳትል። «ከዚህ በኋላ የምሠራልህ ነገር የለኝም።»

«የመጨረሻው?»

«ተጫወትበት።»

የሱቁን አሮጌ አምፕሊፋየር አበሩ። ከኋላው ያሉት የመስታወት ቱቦዎች ቀስ ብለው ፍም መሰሉ። ቩካሺን የላይኛውን ወፍራም ክር ነካ፤ ድምፁም ወጣ። ሞላ ያለ ነበር። ቅርፊትም፣ ለስላሳም ነበረው። ሁለቱም በመጀመሪያው ምት አወቁት፤ ሁለቱም ቅር አላቸው።

«ትንሽ… ትንሽ ይቀረዋል መሰለኝ» አለ ቩካሺን።

«ምን ይቀረዋል?»

«እንጃ። ልስማው እስቲ።»

በስሱ መጫወቱን ቀጠለ። እሷ በርጩማዋን አስጠግታ ጊታሩ ላይ ዘንበል አለች። ጋሽ ራዲቮይ ሽቦ የሚበይድበትን የኤሌክትሪክ ካውያ አንስቶ፣ በእነሱ ኋላ አልፎ፣ ሱቋ ውስጥ ወዳለችው ብቸኛ ሶኬት ሄደ። ጎንበስ አለ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ጀርባውን ሰጥቶ ሽቦ መነካካት ጀመረ። ማንም ልብ አላለውም።

«ማሪቦር ሩቅ ነው?» አለ ቩካሺን፤ ወሬው ዳቦ ቤቱ ድረስ ደርሶ ነበር።

«ከቡድቫ ለሚነሳ ሩቅ ነው።»

«ከዚህስ?»

«ከዚህም ሩቅ ነው። ጊታር ለማስጠገንማ ማንም እዚያ ድረስ አይመጣም።»

ጣቶቹ ክሩ ላይ ሄዱ። አፉን ከፈተ። የጋሽ ራዲቮይን ሰፊ ጀርባ አየ። አፉን ዘጋ።

«አሁን ስሚው» አለ። «አሁን ሞላ።»

«ሞልቷል» አለች ኔቬና። «ወፍራሞቹ ክሮች ላይ ሙቀት አለው።»

«ቀጭኑም አይጮህም።»

«አይጮህም። ክሩ ነፃ ስለሆነ ነው።»

«ቅድም ካለውም ይበልጣል፣ አይደል?»

«እየሞላ ነው የሄደው።»

«ያ ነገር» አለ ጋሽ ራዲቮይ፣ ፊቱን ሳይመልስ፣ «ከተነቀለ ቆይቷል።»

የቩካሺን ጣቶች ቆሙ። አሮጌ አምፕሊፋየር ሲነቀል ወዲያው ዝም አይልም፤ ቱቦዎቹ እስኪበርዱ ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ነው የሚጠፋው። አሁን ከኋላው አንዲትም ፍም አትታይም። ሁለቱ እየሞላ ነው ሲሉት የነበረው፣ ጣውላ ላይ የተወጠረ ክር የሚያሰማው ተራ ኮሽታ ነበር።

ቩካሺን ወደ ጋሽ ራዲቮይ ዞሮ ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«ጋሼ… ይሰማዎታል እንዴ?»

«ዝም ሲል ይሰማኛል» አለ ጋሽ ራዲቮይ።

ቩካሺን እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። ትንሽ ካቻቢቴ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ጫፉ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ተጣብቋል።

ኔቬና ካቻቢቴውን ብዙ አላየችውም፤ ታውቀዋለች። ባዶውን መሳቢያ በእግሯ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። «እኔም» አለች። «የዛሬው ጥንድ በረዶ ሲጥል ጀምሮ እዚህ ውስጥ ነበር።»

«በረዶ ሲጥል ጀምሮ?»

«መጀመሪያ የመጣህ ቀን።»

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። ከዚያ እሷ ሳቀች፤ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች፣ ከባድ ዕቃ ከራሷ ላይ እንዳወረደች ሴት ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ቩካሺን ጊታሩን ከጭኑ አወረደና ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ያለ ጊታር እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አላወቀም።

«ኔቬና፣ ማሪቦር አትሂጂ» አለ። «በመስከረም እመለሳለሁ። የሚጠገን ምንም ነገር ሳልይዝ ነው የምመጣው።»

«ቡሬክ ግን ይዘህ ና» አለች። «የዛሬውን አባዬ ይቅር አላለህም።»

ጋሽ ራዲቮይ ሥራው ላይ እንዳቀረቀረ ነው። «ከመሄድህ በፊት እሁድ አለች» አለ። «ሾርባ ይኖራል። ጊታሩን እቤትህ ተወው።»

«እሁድ ሠርግ አለብኝ ጋሼ…» ብሎ ቩካሺን ጀመረ፤ የኔቬናን ፊት አየ። «ሌላ ሰው ይጫወታል» አለ ወዲያው።

ኔቬና ያንን ድምፅ በትክክል መስማት አማራት። የአባቷን ካውያ ነቅላ አምፕሊፋየሩን ልትሰካ ተነሳች፣ ሶኬቱ አጠገብ ጎንበስ አለች።

ሶኬቱ ባዶ ነበር። ዞር ብላ አየች። የካውያው ገመድ በአባቷ ጠረጴዛ ላይ እንደተጠቀለለ ነው። አባቷም በቀዝቃዛ ካውያ፣ በታላቅ ጥንቃቄ፣ ሽቦ ይበይዳል።