ከቀዩ ነጥብ ወደ ኋላ

«ቀነስኩ አይደል?»

ጠያቂዋ እናቷ ናት፤ ተጠያቂዋ ደግሞ በቅጥነቷ ሰው ሁሉ ቀጮ የሚላት ልጇ። ስልኩን በሁለት እጇ እንደያዘች አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ከሰማያዊው ቁም ሣጥን ፊት የቆመችውን እናቷን አየች። ያው ግራጫ ቀሚስ፣ ያው ወገብ። ስድስተኛው ቅዳሜ ነበር፤ ከአምስተኛው በምን እንደሚለይ ግን አልታያትም።

«ቆይ፣ ብርሃኑ አላማረኝም» አለች ቀጮና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚያች እርምጃ ነው። ፎቶ አንሺው የሚቆምበት ቦታ መለወጥ እንደሌለበት ሁለቱም ያውቃሉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ወለሉ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ያደረገችው፣ «ከዚህች ንቅንቅ የለም» ያለችውም ራሷ ቀጮ ነበረች። ከነጥቡ ስትርቅ እናቷ ስክሪኑ ላይ አነስ ብላ ታየች። ፎቶውን ካለፈው ሳምንቱ ጎን አድርጋ ስታሳያት የእናቷ ፊት ወገግ አለ። ያን ፊት ካዩ በኋላ እውነቱን መናገር ከባድ ነው።

እናቷ በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ አንሶላ ስትተኩስ ትውልና የቤታቸውን ደረጃ ስትወጣ በየሦስተኛው እርከን ላይ ታርፋለች። ሐኪሙ ጉልበቷ ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልገው ነግሯታል። ከዚያ በፊት ግን በሦስት ወር ውስጥ ስምንት ኪሎ መቀነስ አለባት፤ አለዚያ ቀጠሮ አይያዝላትም። ሚዛን ደግሞ እንደ ዳኛ ትፈራለች። ያን ጊዜ ቁጥር ለይታ አታነብም ነበርና ሁልጊዜ የሚያነብላት ሌላ ሰው ነው፤ የሚያነበውም ተራ የሚጠብቀው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ፎቶ የመነሳቱን ሐሳብ ያመጣችው እሷ ነበረች። «ፎቶ አይጮኽም» አለች፤ «ደግሞም ራሴው አነበዋለሁ።»

ከስድስተኛው ቅዳሜ በኋላ ቀጮ መመለሻው ጠፋት። በሰባተኛው አንድ እርምጃ ተኩል ራቀች። በስምንተኛው ግድግዳው ጀርባዋን ነካትና የምትሄድበት አጣች። ያኔ የክፍል ጓደኛዋን አማከረች። ይህች ጓደኛዋ የድመቷን ፎቶ እንኳ ሳታስውብ ስለማትለጥፍ ክፍሉ በሙሉ ፊልተር እያለ ነው የሚጠራት። ወገብን በጣት ወደ ውስጥ እየገፉ ማቅጠን እንደሚቻል ስልኳ ላይ አሳየቻት።

«ትንሽ ብቻ ነው የምትነኪው፣ ካበዛሽው ቁም ሣጥኑ ይጣመማል» አለቻት። «ምን ያስፈራሻል? እያበረታታሻት እኮ ነው። ሼም የለውም።»

እውነትም እናቷ ተበረታታች፤ ግን ቀጮ ባሰበችው መንገድ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ከሦስት የሠፈር ሴቶች፣ ከዳቦ ሻጯ ጎረቤታቸውና ከሁለት እህትማማቾች ጋር፣ የትምህርት ቤቱን ሜዳ ትዞር ነበር። በሳምንት አምስት ቀን የነበረው ሁለት ቀን ሆነ። ከሻይዋ የጠፋው ስኳር መጀመሪያ በአንድ፣ ቀጥሎ በሁለት ማንኪያ ተመለሰ። ቀጮ ፈራ ተባ እያለች ስትጠይቃት፣ ያለዚያም እየቀነሰች እንደሆነ፣ ፎቶው ምስክር እንደሆነ ነገረቻት። ዳቦ ሻጯ እንኳ ፎቶዎቹን አይታ፣ «አንቺስ ቀናሽ፤ እኔ ነኝ እንጂ እንደ ሊጥ የምነፋው» ብላ ቀንታባታለች። ቀጮ አብራ ሳቀችና ስልኩን ቶሎ ከእጇ ወሰደች።

የሐኪሙ ቀን ማክሰኞ ሊሆን አሥራ አንደኛው ቅዳሜ መጣ። ቀጮ ከእንቅልፏ ስትነሳ እናቷ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደብተሯን ዘርግታ እርሳሷን በቢላ ትቀርጻለች። ዘንድሮ የጎልማሶች ትምህርት ጀምራለች። አስተማሪዋ እያንዳንዳቸው ስለ ራሳቸው ሦስት እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ጽፈው እንዲመጡና ሰኞ ክፍሉ ፊት ቆመው እንዲያነቡ አዝዛለች።

«ነይ እስቲ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አለችና ደብተሩን ገፋ አደረገችላት። «ስህተት ካለው ንገሪኝ። እዚያ ቆሜ መሳቂያ እንዳልሆን።»

ፊደሎቹ ትልልቅ ነበሩ። እርሳሱን ከመጫኗ ብዛት ቀጣዩ ገጽ ላይ ሳይቀር ታትመዋል።

በየቅዳሜው ፎቶ እነሳለሁ። ቀንሻለሁ። ልጄ ምስክሬ ናት።

ቀጮ ሁለት ጊዜ አነበበችው። እናቷ እርሳሱን በጥርሷ ይዛ ዓይን ዓይኗን ታያለች። ዝም ብትል እናቷ ሰኞ ይህንን ቆማ ታነባለች፤ ይጨበጨብላታል። ማክሰኞ ደግሞ ሚዛን ላይ ትወጣለች። አሁን ቁጥር ታነባለች።

«ፊደሉ ልክ ነው» አለች ቀጮ።

«ታዲያ ምኑ ነው ልክ ያልሆነው? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

ቀጮ ደብተሩን ከደነችው። እናቷን በክንዷ ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወሰደቻትና ቀዩ ነጥብ ላይ ቆመች። ከዚያ ጀርባዋ ግድግዳውን እስኪነካ ድረስ ወደ ኋላ ሄደች። «ከዚህ ነው የማነሳሽ» አለች። የቀረውን ወለሉን እያየች ተናገረች። ፊልተር ያሳየቻትንም፣ ወገቧን በጣቷ የገፋችውንም አልደበቀችም።

እናቷ ከነጥቡ እስከ ግድግዳው በዓይኗ ለካች።

«ስንት ቅዳሜ?»

«አምስት።»

ቀጮ ቁጣ ጠብቃ ነበር። ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«ሚዛኑን የሸሸሁት ሰው እያነበበልኝ መኖር ሰልችቶኝ ነው» አለች እናቷ ድምፅዋን ሳታነሳ። «አንቺ ደግሞ ዋሽተሽ አነበብሽልኝ።»

ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። ቀጮ ባለችበት ቆማ ቀረች። ላጲስ ወረቀት ሲፈገፍግ፣ ቆም ሲል፣ እንደገና ሲፈገፍግ ሰማች። ሄዳ ይቅርታ መጠየቅ አማራት፤ ግን ይቅርታው ራሷን ለማሳረፍ እንጂ እናቷን ለማሳረፍ እንዳልሆነ ገባትና ተወችው።

እናቷ ስትመጣ ግራጫውን ቀሚስ ለብሳለች። ቁም ሣጥኑ ፊት ቆመች።

«ነጥቡ ላይ ቁሚ።»

ቀጮ ቆመች። ሁለቴ አነሳቻት። እናቷ በዚያ ቀን ቀነስኩ ወይ ብላ አልጠየቀችም። ስልኩን ተቀብላ ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር ራሷ አስተያየችው። ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ ላላ ብሏል፤ ያ ብቻ ነው። ደብተሩ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀርቷል፣ የመጀመሪያው። የሁለቱ ቦታ ባዶ ነው፤ የእርሳሱ ጉድጓድ ግን ላጲስ አላሸነፈውም። ቀጮ አየችው፤ በምን እንደምትተካው አልጠየቀችም።

ማክሰኞ ዕለት ነርሷ ቁጥሩን ልትጠራ አፏን ስትከፍት እናቷ እጇን አነሳችና ጎንበስ ብላ ራሷ አነበበች። የቀነሰችው ሁለት ኪሎ ነበር። ሐኪሙ ሌላ ሦስት ወር ሰጣት።

ረቡዕ ጠዋት እናቷ ጫማዋን ፍለጋ ወደ በሩ ስትሄድ፣ ቀጮን የስፖርት ጫማዋን አስራ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። አለፈቻትና መውረድ ጀመረች። ቀጮ ከኋላዋ ተከተለች፤ በየሦስተኛው እርከን አብራ ቆመች።

ዳቦ ሻጯ የሥራ ሰዓቷ ሲለወጥ ሜዳውን ተወች። ሌሎቹ ሁለቱ፣ እህትማማቾቹ፣ ብርዱን ፈርተው ቀሩ። ፊልተር አንድ ቀን መጥታ በሁለተኛው ዙር ቁርጭምጭሚቴን ብላ ሄደች። ዝናቡ ሲጀምር ሜዳውን ይዞሩ የነበሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እናትየዋና ቀጮ።