ከገጽ ሁለት መቶ ስምንት በኋላ

«ድንቢጥዬ፣ የኔ መጽሐፍ ገጽ ሁለት መቶ ስምንት ላይ ያልቃል። አሮጊቷ ጃንጥላዋን ይዛ ጀልባው ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። አንቺን ያስለቀሰሽ የመጨረሻ ገጽ የቱ ነው?»

ልጅቷ ከቪዲዮዋ ስር የተጻፈላትን ይህን አስተያየት ያነበበችው በአክስቷ ማተሚያ ቤት መጋዘን ውስጥ፣ የወረቀት ጥቅሎች ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ነው። ከጣሪያው መስታወት በሚወርደው የከሰዓት ብርሃን ውስጥ የወረቀት ብናኝ ቀስ እያለ ይዋኛል። እዚያ ስትተኛ ሁልጊዜ ከውሃ በታች ያለች ይመስላታል፤ ከወዲያኛው ክፍል የሚሰማው የማሽን ድምፅ እንኳ ከሩቅ የሚመጣ ማዕበል ነው። ዛሬ ግን አንድ እጅ ጎትቶ ያወጣት መሰላት።

ተነስታ የራሷን ቅጂ ከቦርሳዋ አወጣችና መጨረሻውን ገለጠች። ሁለት መቶ ስምንት። «አሮጊቷም ቀና ብላ ወደ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የጀርባው ሽፋን ነው። እሷ ያነበበችው እስከ ገጽ አርባ ብቻ ነበር።

መጽሐፉ የአንዲት ጡረታ የወጣች ነርስ የመጀመሪያ ልቦለድ ነው። አክስቷ እንደ ልጇ ነው የምትወደው። ለጋዜጦች ላከችው፣ በየመጻሕፍት መደብሩ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈችለት፤ መጽሐፉ ግን ስድስት ወር ሙሉ አቧራ ሲጠጣ ከረመ። ልጅቷ «የድንቢጥ መደርደሪያ» ስለሚባለው ቻናሏና ስለ ተከታዮቿ ባወራች ቁጥር አክስቷ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለች ትስቅባት ነበር። ባለፈው እሑድ ድንቢጥ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የመጨረሻው ገጽ አስለቀሰኝ» ያለችበትን የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ ለቀቀች። አክስቷን ልርዳ ብላ ነው። ደግሞም ሲሉት ደስ የሚል ነገር ነው።

«አቦ ይመችሽ» ያላት ብዛቱ! ሰው ቪዲዮውን ተቀባበለው። በማግስቱ ገዢዎች ስልካቸውን ዘርግተው «ይቺን» እያሉ ወደ መደብሮቹ ጎረፉ፤ የደራሲዋን ስም የጠየቀ እንኳ አልነበረም። በአምስት ቀን ውስጥ መጋዘን የነበረው ቅጂ ሁሉ አለቀ።

በሩ ተከፈተና አክስቷ ገባች። ከኋላዋ ሽማግሌው ጠራዥ አንገታቸውን ደፍተው ተከተሏት።

«ጉድ ሆነናል» አለች አክስቷ። «የመጨረሻዋ እጥፍ፣ አስራ ስድስት ገጽ ሙሉ፣ አልተሰፋችም። በአንዱም መጽሐፍ ላይ የለችም።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ጠራዡ። «ክምሩ ላይ ሽፋን ደርቤበት ኖሮ፣ ሁሉም ሽፋን መስሎኝ ጠረጴዛ ስር ገፋሁት።»

«ስድስት ወር ማንም ያላወቀብን ማንም ስላልገዛን ነው፣ ጋሼ።» አክስቷ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ወደ ልጅቷ ዞረች። «ቆይ፣ አንቺ ግን መጨረሻውን ያነበብሽው ከኔ ኮምፒውተር ነው፣ አይደል?»

ድንቢጥ መጽሐፉን ዘጋች። «አዎ፣ እትዬ።»

«እኔስ እዚያ ጋ በሳቅ ነው የፈረስኩት። እንግዲህ ሰው ይለያያል።» አክስቷ የአዲሱን እትም ሽፋን ናሙና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ዘንድሮ አንባቢ የሚሰማው ጋዜጣ ሳይሆን እንዳንቺ ያለውን ነው። ከእንግዲህ መጽሐፍ ስመርጥም አንቺን አማክራለሁ። ጋሼ፣ ዐሥር ሰዓት ላይ ለማሽኑ ይስጡልኝ።»

በሽፋኑ ጀርባ ላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ «የመጨረሻው ገጽ አስለቀሰኝ» ይላል። ከስሩ «ድንቢጥ»።

አክስቷ ስትወጣ ጠራዡ ከጠረጴዛው ስር ከተረሳው ክምር አንዷን እጥፍ መዘው ሰጧት። «አንብበሽዋል፤ ግን ለማስታወሻ ይሁንሽ» አሉና ሻያቸውን ሊጠጡ ሄዱ።

ብርሃኑ ውስጥ ተቀምጣ አነበበች። ወንዙ ሰፊ ነው፤ ጭጋግ አለ፤ ጀልባው ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል። አሮጊቷ ሠላሳ ዓመት የተኳረፈችውን ወንድሟን ልታይ ነው። ወንድምየው ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ስትወርድ እንኳን ደህና መጣሽ አላላትም። «ጃንጥላዬን አመጣሽው?» አላት።

ድንቢጥ ሳታስበው ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ቆመ። የጃንጥላው ነገር ምን እንደሆነ አታውቅም። በገጽ አርባና በሁለት መቶ ስምንት መካከል የሆነ ቦታ አለ፤ ያቺ የጠየቀቻት አንባቢ ታውቀዋለች፣ ሌሎቹም ያውቁታል፣ እሷ ብቻ ናት የማታውቀው። አፈረች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ቪዲዮው እንኳ ሊጠፋ ይችላል፣ ሽፋን ላይ የታተመን ማን ይሰርዘዋል?

ጠራዡ ተመልሰው ናሙናውን ሊያነሱ እጃቸውን ዘረጉ።

«ጋሼ፣ አንዴ ይጠብቁኝ።»

እርሳስ ፈልጋ በራሷ ቃል ላይ መስመር አሰመረችበት። ናሙናውን ይዛ አክስቷ ቢሮ በር ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ እስከ ገጽ አርባ ብቻ ነው ያነበብኩት።»

አክስቷ ናሙናውን ተቀበለቻት። «ቅድምስ?» አለች። «ዓይኔን እያየሽ?»

«ፈርቼ ነው።»

አክስቷ የተሰረዘውን መስመር በጣቷ ነካካችው። ፊቷ አልተፈታም። «እና እዚህ ምን ይጻፍ?»

«ባዶ ይሁን።»

ወደ መጋዘኑ ተመለሰች። ብርሃኑ ወደ ግድግዳው ተጠግቷል። ስልኳን አንስታ ለዚያች አንባቢ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ እንዲህ ስትል መለሰች፦ «ዋሽቻችኋለሁ። ያነበብኩት እስከ አርባ ነው። የቀሩትን ገጾች እንልክላችኋለን። የጃንጥላውን ነገር ግን እንዳትነግሩኝ።»

ስልኩን በፊቱ ደፍታ ገጽ አርባ አንድን ገለጠች።