የአራተኛው ኮሪደር ሳህኖች

«እንዝርት» በተባለችው የጠፈር መርከብ ላይ ቁርስ ከመቅረቡ በፊት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሆድ ሪፖርት ያደርጋል። ሰዉ ገና ፊቱን ሳይታጠብ፣ አንጀቱ ውስጥ የተቀመጠችው፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጠው ሆድ-አንባቢ መሣሪያ ስታይ ያደረችውን ትናገራለች፦ የትኛው ባክቴሪያ እንደበዛ፣ የትኛው ሆርሞን እንደወረደ፣ ትናንት የተበላው ምን ላይ እንደደረሰ። ይህ ሁሉ ወሬ የሚከማቸው አስካለ ጠረጴዛ ላይ ነው። እንደ ስሟ እየተሽከረከረች ወደ ማርስ በምትጓዘው በዚህች መርከብ ውስጥ የእያንዳንዱን ሰው ምግብ የምትቀምረው እሷ ናት። ዘጠኝ ወር ሙሉ ግን ከሁሉ አስቀድማ የምትከፍተው አንዱን ብቻ ነው፤ የአባቷን። የሌላውን ሰው ሪፖርት ተራ በተራ ታየዋለች፣ የአባቷ ሲመጣ ደወል ይጮኻል፣ የራሷን ደወል ግን ሥራ ላይ እየረበሻት ስላስቸገራት ከአራት ወር በፊት ዘግታዋለች።

ደወሉ ጮኸ። ሰባት ነጥብ አራት።

ትናንት ሰባት ነጥብ ሦስት ነበር። እንዲያው ይሄ ሰውዬ ምን ቢበላ ነው የሚሻለው?

ቁጥሩ የብግነት ልክ ነው። ብግነት ማለት ሰውነት ቁስል ሳይኖርበት ከራሱ ጋር ተቆጥቶ ሲውል ነው፤ ደም ሥር ያብጣል፣ መገጣጠሚያ ያቃጥላል፣ ልብ ይደክማል። ምድር ላይ ቢሆን አባቷ አቶ ይርዳው ጉልበቱን እያሸ ሌላ ሃያ ዓመት ይኖርበት ነበር። ወደ ማርስ የምታወርደው ጀልባ ግን ለስድስት ደቂቃ ደረት ላይ አምስት ሰው የተቀመጠ ያህል ትጫናለች፤ ያበጠ ደም ሥር ይህን አይችልም። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው። ከአምስት በላይ የሆነ አይወርድም፤ ከመርከቧ ጋር አሥራ አራት ወር ተጉዞ ወደ ምድር ይመለሳል። ከአምስት በታች የሆነ ደግሞ ልቅር ቢል አይፈቀድለትም፤ ለመመለሻው የተያዘው ምግብና አየር ለጥቂት ሰው ብቻ ነውና።

አባትና ልጅ ሲነሡ ቤታቸውን ዘግተው፣ የእናትየውን መቃብር ተሰናብተው ነው የመጡት። ምድር ላይ አባቷን በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው የለም። እሱ ከተመለሰ እሷ ማርስ ላይ፣ እሱ ምድር ላይ ሆነው ሁለቱም ብቻቸውን ይሞታሉ ማለት ነው። ለመውረጃው የቀረው ሃያ አንድ ቀን ነው።

የመርከቧ ሐኪም ዶክተር ኦላና በዚያው ጠዋት አስጠሯት። ደግ ሰው ናቸው፤ ክፉ ነገር ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የአባቷን ስም ከተመላሾች ዝርዝር ውስጥ ማስገባት እንዳለባቸው፣ ቁጥሩ ካልወረደ ሊሰርዙት እንደማይችሉ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሯት። አስካለ እሺ ብላ ወጣችና ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን በቡጢ መታችው። ጣቶቿ ሰሞኑን ስለሚያብጡ ከግድግዳው ይልቅ እሷን አመማት።

ለምን አትናደድ? የአባቷን ሳህን በእጇ ነው የቀመረችው። የሚጣፍጥ ነገር የለበትም፤ ጣፋጭ ኢንሱሊኑን ያንረዋል። ገብስ አለው፣ ምስር አለው፣ ተልባ አለው፣ የአንጀትን ግድግዳ የሚያረጋጉትን ባክቴሪያዎች የሚመግብ መራራ ቅጠል አለው። «መጋቢ» የሚባለው የወጥ ቤት ማሽን የእሷን ቀመር በየጠዋቱ ሪፖርት ልክ እያስተካከለ አብስሎ፣ መዝኖ፣ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ባለች ትንሽ መስኮት ያቀርባል። ሳህኑ ሲመለስም ይመዝነዋል። የአባቷ ሳህን ዘጠኝ ወር ሙሉ ተልሶ ነው የሚመለሰው። ጨረስክ ወይ ስትለው «አልቋል ልጄ» ይላታል፤ እሺ የማይለው ነገር የለም።

ዛሬ ግን ቁጥሩን ትታ ባክቴሪያዎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። ሁለት ሰዓት ያህል እንደቆየች አንዱ ላይ ዓይኗ ተተከለ። ማር ካላገኘ የማይኖር ዘር ነው። አባቷ ደግሞ ከተሳፈረ ጀምሮ ማር ቀምሶ አያውቅም። በመርከቧ ላይ ማር የታዘዘላቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ስኳራቸው በድንገት የሚወርድባቸው፣ ከአባቷ ክፍል ጎን የሚኖሩት እትዬ ደብሪቱ።

ምሳ ሰዓት ነበር። አስካለ በምሳ ሰዓት አራተኛው ኮሪደር ሄዳ አታውቅም። የራሷን ሳህን፣ እንከን የማይወጣለትን ሳህን፣ ስክሪኑ ፊት ቆማ ነው የምትበላው። አሁን ሳህኑን ቶሎ ጨርሳ ሄደች።

ዘጠኝ አዛውንቶች ኮሪደሩ ላይ አሥር የመሣሪያ ሣጥኖች ደፍተው፣ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሁሉም ሳህኑን ይዟል፤ ከራሱ ሳህን የሚበላ ግን አንድም የለም። ኩላሊት የሚያመው ሰውዬ የደም ግፊተኛዋን ያጎርሳል፣ የደም ግፊተኛዋ ጨጓራ የሚያመውን ታጎርሳለች። እትዬ ደብሪቱ ማር የነካ ቂጣ ጠቅልለው እጃቸውን ዘርግተዋል።

«በሞቴ ይርዳው፣ ይቺን ብቻ።»

አባቷም አፉን ከፈተ።

ሳህኖቹ እውነትም ያልቃሉ። ማሽኑ ግን ሳህን እንጂ አፍ አይቆጥርም። አባቷ ማር ሲበላ ማሽኑ ስኳሩን የአባቷ ገብስ ያመጣው መስሎት ገብሱን ይቀንሳል፤ የእትዬ ደብሪቱ ማር ሌላ ሆድ ውስጥ ሲቀር ደግሞ አነሰ ብሎ ማር ይጨምራል፤ ያው ማር ተመልሶ አባቷ አፍ ውስጥ ይገባል። ለካ ዘጠኝ ወር ሙሉ ስታክም የኖረችው የሌለ ሰው ነው።

አባቷን ወደ ክፍሉ አስገብታ በሩን ዘጋች።

«ሃያ አንድ ቀን ነው የቀረን። ዝም ብለህ አልበላም ማለት አቅቶህ ነው?»

አባቷ ጉልበቱን እያሸ መሬት መሬት አየ።

«በሞቴ ስትለኝ ምን ልበላት? ትሙት ልበል?»

ይኸው ይበልጥ አናደዳት። በዚያው ቀን ዕቃውን ጠቅልላ ከቢሮዋ አጠገብ ወዳለች ትንሽ ክፍል አዛወረችው። ከእንግዲህ ብቻውን፣ የራሱን ሳህን፣ በእሷ ዓይን ሥር ይበላል። እሺ አለ። እንደ ልማዱ።

ለአምስት ቀን በላ። እያንዳንዱን ጉርሻ እንደ መድኃኒት ያላምጣል፣ ውሃ ይጎነጫል፣ ግድግዳውን ያያል። እሷ አጠገቡ ቆማ ስክሪኗን ታያለች። ኢንሱሊኑ እንዳሰበችው ተስተካከለ። የማሩ ባክቴሪያ ጠፋ። ሜታቦሊዝሙ፣ ማለትም ሰውነቱ ምግቡን ወደ ጉልበት የሚለውጥበት ፍጥነት፣ በመጽሐፍ ላይ እንደተጻፈው ሆነ። ብግነቱስ? መጀመሪያ ቀን ሰባት ነጥብ አንድ ሲል ልቧ ዘለለ። ከዚያ ሰባት ነጥብ ስድስት አለ። ከዚያ ስምንት። በአምስተኛው ቀን ስምንት ነጥብ ሦስት።

ምክንያቱ ስክሪኑ ላይ ነበር፤ ማየት አልፈለገችም እንጂ። ኮርቲሶል የሚባለው፣ ሰው ሲጨነቅና ሲከፋው የሚበዛው ሆርሞን፣ በየማዕዱ ሰዓት ሽቅብ ይወጣል። አባቷ ሳህን ባየ ቁጥር ሆድ ይብሰዋል፤ የባሰው ሆድ ደግሞ እንኳን ተልባና ገብስ የሰማይ መናም አያረጋጋውም።

«ምግቡ ጥሩ ነው ልጄ» አላት በዚያ ቀን። «አልወርድ አለኝ እንጂ።»

አስካለ ወጥታ ቢሮዋ ገባችና አለቀሰች። የሐዘን ልቅሶ አልነበረም፤ የንዴት ነው። ዘጠኝ ወር የለፋችበት እውቀት፣ ያ ሁሉ ሠንጠረዥ፣ አንዲት ሴትዮ «በሞቴ» ስትል የምትጠቀልለውን ቂጣ ሊያሸንፍ አልቻለም። እንባዋን ጠርጋ የዘጠኙንም አዛውንቶች ፋይል አንድ ላይ ከፈተች። መከልከል ካልቻልኩ ያው ይጎራረሱ፤ ግን ማንም ማንንም ቢያጎርስ የማይጎዳ ነገር ይሁን፣ አለች።

ማሩን አስወጥታ ለእትዬ ደብሪቱ ስኳሩን ቀስ ብሎ የሚለቅ ባቄላና ገብስ ተካች። ጨው ቀነሰች። በስድስት ዓይነት እህልና ቅጠል ፋንታ ሠላሳ አራት ዓይነት ከመርከቧ እርሻ አስለቀመች፤ ዘጠኝ አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ተቀላቅለው ተቀላቅለው የአንድ ሰፈር ሰው ሆነዋልና ሁሉም የሚወደውን ያግኝ ብላ። ከዚያ ለመጋቢ ላከችው። መጋቢ እምቢ አለ። አንድ ሳህን ለአንድ ሰው ነው፤ የሰውዬው ስም ይግባ፣ ክብደቱ ይግባ። ብትለምነውም ብትሰድበውም ያው ነው። በመጨረሻ የሌለ ሰው መዘገበች። ስሙ «ኮሪደር አራት»፣ ክብደቱ አምስት መቶ ሰባ ኪሎ፣ ዕድሜው ስድስት መቶ አርባ ዓመት። ማሽኑ ምንም ሳይደንቀው ትሪ የሚያህል ሳህን ሠራለት። በመስኮቷ አላልፍ ስላለ አባቷና ሌላ ሽማግሌ ከወጥ ቤት ተሸክመው አመጡት።

በማግስቱ ስምንት አለ። ከዚያ ሰባት ነጥብ ሁለት። አባቷ ወደ አራተኛው ኮሪደር ከተመለሰ ጀምሮ እንቅልፍ ይወስደው ጀመር። አንድ ነገር ብቻ አስካለን ያበሽቃት ነበር፤ ትሪው በየቀኑ አንድ ጥግ ሳይነካ ይመለሳል። በጥንቃቄ የተቀመረ ምግብ ነው፤ ለምን አትጨርሱም ብላ ሁለት ጊዜ መልእክት ላከች። እሺ አሏት። ሦስተኛም ቀን ያው ጥግ ተረፈ። ነገር ከማንዛዛት ብላ ሂሳቡን በተረፈው ልክ አስተካክላ ተወችው።

ትሪው መቅረብ በጀመረ በአሥራ አንደኛው ቀን ደወሉ ጮኸ። አራት ነጥብ ዘጠኝ።

አስካለ ስክሪኑን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው። ከዚያ ኮሪደሩን በሩጫ አቋርጣ ዶክተር ኦላና ክፍል ገባችና የአባቷን ስም እንዲሰርዙ እያለከለከች ነገረቻቸው። ዶክተሩ ሰረዙት። ፊታቸው ግን አልፈካም። ወንበር እንድትይዝ በእጃቸው አመለከቷትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አስካለ፣ የራስሽን ቁጥር ያየሽው መቼ ነው?»

የመጨረሻውን ዝርዝር ሲያጣሩ ያገኙትን ሪፖርት ከፍተው ስክሪናቸውን ወደ እሷ አዞሩት። ስድስት ነጥብ ሦስት። ከአራት ወር ጀምሮ ቀስ እያለ የወጣ፣ አንድም ቀን ያልወረደ መስመር ነው።

መሣሪያው ተሳስቷል ልትል ነበር። ያበጡትን ጣቶቿን አየች። ጠዋት ጠዋት የማይለቃት ራስ ምታት ትዝ አላት። ሥራ ነው ብላ ያለፈችው ሁሉ።

«እኔ እኮ ሳህኔን አንድ ቀን አጓድዬ አላውቅም» አለች። ድምፅዋ የሕፃን ድምፅ ሆነባት።

«አውቃለሁ» አሉ ዶክተር ኦላና። «ልክ እንደታዘዘው ነው የበላሽው። ቆመሽ፣ ብቻሽን።»

ለመውረጃው አምስት ቀን ቀርቷል። አባቷ ከአምስት በታች ነው፤ ልቅር ቢል አይፈቀድለትም። ወደ ማርስ የሚወርደው እሱ፣ የሚጠብቃት ሰው ወደሌለበት ምድር የምትመለሰው ደግሞ እሷ ልትሆን ነው። ሕጉን ደግሞ ከሷ በላይ የሚያውቀው የለም።

ወዴት እንደምትሄድ ሳታስብ እግሯ አራተኛው ኮሪደር አደረሳት። ምሳ ሰዓት ነበር። ዘጠኙ ተቀምጠዋል፤ ትሪው መካከል ላይ ነው። አባቷ ፊቷን አየና ጎኑ ያለውን ባዶ ሣጥን በእጁ ጠረግ ጠረግ አደረገው። ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው። ሰዎቹ ዘጠኝ፣ ሣጥኖቹ አሥር ናቸው። በባዶው ሣጥን ፊት ለፊት ያለው የትሪው ጥግ ማንም ሳይነካው እንዳለ አለ።

«ይሄ ለምን ይተርፋል?» አለች፤ መልሱ እየገባት።

«የተረፈ አይደለም፤ ያንቺ ነው» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «አባትሽ ከተሳፈርን ጀምሮ ያን ሣጥን ማንም እንዲቀመጥበት አይፈቅድም። ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች ይለናል።»

አስካለ ተቀመጠች። አልራበኝም አለች፤ እውነቷን ነበር። አእምሮዋ ግን ከልማዱ አልወጣም፤ አምስት ቀን፣ አንድ ነጥብ ሦስት፣ በቀን ስንት ይወርዳል እያለ ያሰላል። አባቷ በአሥራ አንድ ቀን ሦስት ነጥብ አራት ወርዷል። ለእሷ ይድረስ አይድረስ ሠንጠረዡ አይናገርም።

እትዬ ደብሪቱ ከዚያ ካልተነካው ጥግ ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ።

«በሞቴ፣ ልጄ።»

አባቷ አጠገቧ ይጠብቃል። አስካለ የሴትዮዋን ፊት አየች፣ «ይሙቱ» ማለት እንደማይቻል አወቀች፣ አፏንም ከፈተች።