ዘይት ያልነካው ምንቃር

ኢንስፔክተር ሩሜና ጋይዳሮቫ አምስተኛ ፎቅ ወጥታ በሩን ስታልፍ መጀመሪያ ያስደነገጣት ሬሳው ሳይሆን ዝምታው ነበር። በመስታወት በተዘጋው በረንዳ ላይ አሥራ ሁለት ባለሞገድ ላባ ትንንሽ በቀቀኖች በየሽቦ ጎጆአቸው ተቀምጠዋል። አንዱም አይንጫጫም። ላባቸውን ከገላቸው አጣብቀው፣ አንገታቸውን አስግገው ወደ ወለሉ ያያሉ። ከመስታወቱ ውጭ የጥቅምት ጉም ዳኑብን ከነማዶው ውጦታል።

ወለሉ ላይ ስታመን ድያኮቭ በጀርባው ተዘርግቷል። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነው። ዕድሜውን በወንዝ መርከብ መካኒክነት ፈጅቶ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሩሴ ከተማ ወፍ አርቢዎች ማኅበር ጸሐፊ ሆኖ ነበር። ከራሱ በስተኋላ የማሞቂያው ብረት ጥግ ደም ነክቶታል። ከእግሩ ሥር የፓራፊን ዘይት ፈሷል፤ ጠርሙሱ ተጋድሟል፤ ከቀኝ እጁ አጠገብ ጫፉ ጥጥ የተጠቀለለበት ስንጥር ወድቋል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ። «ወፎቹን ሲቀባ ጠርሙሱ ከእጁ አመለጠ፤ ዘይቱ አንሸራተተው፤ ብረቱ ጨረሰው።»

«ወዲያው ነው የሞተው?»

ሐኪሙ ጓንቱን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። «አይደለም። ግማሽ ሰዓት ነፍሱ አልወጣችም፤ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። የደረሰለት ሰው ቢኖር ኖሮ...» የቀረውን በትከሻው ተናገረው።

ሩሜና መለስ ብላ መደርደሪያውን አየች። ዙሪያውን አቧራ ጋግሮበት መሐሉ ንጹሕ የሆነ አንድ ክብ አለ፤ የጠርሙሱ ቂጥ ልክ ነው። ጠርሙሱ እዚያ ቆሞ ብዙ ሳምንት ሳይነካ ከርሟል ማለት ነው። ከዚያ የኪስ ባትሪዋን አውጥታ አሥራ ሁለቱንም ወፎች አንድ በአንድ መረመረች። የአሥራ ሁለቱም ምንቃር ደረቅ ነው። የዘይት ጠብታ አልነካውም።

ከሟቹ የሹራብ ኪስ የክብሪት ቤት አገኘች። በውስጡ ጥፍር የምታክል ግራጫ ቅርፊት አለች፤ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ናት። ሩሜና ቅርፊቷን ብዙ አየቻት፣ ከዚያ ከነቤቷ ኪሷ ከተተቻት።

ሬሳውን ያገኘችው ታላቅ እህቱ ኔድያልካ ናት፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከወንድሟ ጋር የምትኖር የሰባ አራት ዓመት ሴት። ወጥ ቤት ተቀምጣለች። ከገበያ ያመጣችው ቀይ ቃሪያ ከነከረጢቱ እግሯ ሥር ነው።

«ለልያ ኔድያልካ» አለቻት ሩሜና፣ እንደ አገሩ ወግ እንደ አክስት እየጠራቻት። «ዛሬ ጠዋት እንዴት ነበር?»

«ደስ ብሎት ነበር፣ ልጄ። አንድ ተኩል ላይ እንደ ሕፃን እየጮኸ ጠራኝ። ‹ነይ እይ፣ የሲንካ ቀኝ ጎኗ ተቀርፎ ወደቀ! አሁን የቀራት የግራው ጥግ ብቻ ነው!› ብሎ። ቅርፊቱን ለሐኪሟ አሳያለሁ ብሎ ክብሪት ቤት ውስጥ ከተተው። ሲንካ ያቻት፣ ሰማያዊቷ።»

«ምን ሆና ነበር?»

«ቅንቅን ነዋ። መጀመሪያ አመድ የተነፋባት መሰለች፣ አፏ ዙሪያ። ኋላ ቅርፊት ሆኖ አፍንጫዋን ሸፈነው። ያ ወፍ አርቢ ወዳጁ ቬልኮ መጥቶ ‹ዘይት ቀባት፣ ቅንቅኑ ታፍኖ ይሞታል› አለው። ቀባናት። ላባዋ ተጨማለቀና በብርድ ልትሞትብን! በዚያው ሳምንት ዶክተር ዝላቲና ‹ዘይቱን ተዉት› ብላ ጠብታ ሰጠችን። እኔ እይዛለሁ፣ እሱ የማጅራታቸውን ላባ ገለጥ አድርጎ ቆዳቸው ላይ ጠብ ያደርጋል። ለሁሉም ነው፣ ደህና ለሚመስሉትም። በየሁለት ሳምንቱ። የመጨረሻው እሑድ ነበር።»

«ዘይቱስ?»

«ከወር በላይ ማን ነክቶት! ጣለው ስለው ‹ለበር ማጠፊያ ይሆናል› አለኝ። መካኒክ ምን ይጥላል?»

«ትጣሉ ነበር ይላሉ ጎረቤቶች።»

«በየቀኑ! በረንዳዬን ወፍ ወረሰው እያልኩ። አሁንስ ማንን ልጣላ?» አለችና ፊቷን በመሐረቧ ሸፈነች። ስትረጋጋ ትናንት ወንድሟ ለቬልኮ ስልክ ደውሎ እንደነበር ነገረቻት። «አንዲት ቃል ነው የተናገረው። ‹ጠዋት ና፣ ፊት ለፊት እንነጋገር› ብሎ ዘጋው።»

ከታች ያለው ጎረቤት ምላደን፣ የድሮ የጂኦግራፊ መምህር፣ በሩን የከፈተው ገና ሳይጠየቅ እየተቆጣ ነው። ከላይ የሚዘንበው የወፍ እህል ገለባ በረንዳውን አበላሽቶበት ለማዘጋጃ ቤት ሰባት ማመልከቻ ጽፏል።

«ሁለት ተኩል ገደማ ዱብ የሚል ሰማሁ» አለ። «ጎጆ የሚያንቀሳቅስ መሰለኝ። ከዚያ እርምጃ፤ ወዲያ፣ ወዲህ፣ ትንሽ ቆም፣ ደግሞ ወዲያ። ኋላ በሩ ተዘጋ።»

«የስታመን እርምጃ ነው?»

«እመቤቴ፣ ስታመን ነጠላ ጫማ ነው የሚጎትተው። አሥር ዓመት አናቴ ላይ ሲጎትት ኖሯል፣ አልስተውም። ይሄ ተረከዝ ያለው ጫማ ነው።»

«ወፎቹን በምን እንደሚያክም ታውቃለህ?»

«ታመሙ እንዴ?» አለ ምላደን። ወዲያው ፊቱ ተለዋወጠ። «ገለባውም ያማል ማለት ነው? ሾርባዬ ውስጥ ሲገባ እኮ ነው የከረመው!»

«ለሰው አይተላለፍም፣ አይዞህ» አለችው ሩሜና። በዚያን ቀን ፈገግ ያለችው በዚህ ብቻ ነበር።

ዶክተር ዝላቲና፣ የእንስሳት ሐኪሟ፣ ቅርፊቷን በአጉሊ መነጽር ሥር አስቀምጣ ሩሜናን ጠራቻት። «ቀዳዳዎቹን አየሽ? ቅንቅኑ ቆዳ ውስጥ የቆፈራቸው መንገዶች ናቸው። ቶሎ ካልታከመ ምንቃሩ ይጣመማል፣ እግሩም ያብጣል፤ ወፏ መብላት ያቅታትና ትሞታለች። ዘይት ላይ ላዩን ያፍን እንደሆነ ነው እንጂ ሥር ያለውን አያገኘውም።»

«ከየት ይመጣል?»

«ብዙ ጊዜ ጫጩት ሳሉ ከእናታቸው ይይዛቸዋል። ተደብቆ ይቆይና ሲደክሙ ብቅ ይላል።» ሐኪሟ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ሟቹን እንደ አገሩ ወግ «ባይ»፣ ማለትም ጋሼ፣ እያለች ነው የምትጠራው። «ሲንካን ለባይ ስታመን የሰጠው ቬልኮ ካራሽላኮቭ ነው። በዚህ ዓመት አፋቸው የተጣመመ ዘጠኝ ወፎች አይቻለሁ፤ ዘጠኙም ከቬልኮ ቤት የወጡ ናቸው። አንዷን ያመጣቻት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ይህን ለባይ ስታመን ነገርኩት። ቅዳሜ የማኅበሩ የወፍ ኤግዚቢሽን ሳይከፈት የቬልኮን ወፎች እንድመረምር ጠየቀኝ። ‹ግን አስቀድሜ ራሱ እንዲናገር ዕድል ልስጠው፣ የአርባ ዓመት ወዳጄ ነው› አለኝ።»

የቬልኮ ቤት ከከተማው ዳር፣ ጉሙ እስከ አጥሩ የተኛበት ቦታ ነው። ባለቤቱ ጫማው የተወለወለ፣ ጢሙ የተስተካከለ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ በማኅበሩ ኤግዚቢሽን ወፎችን የሚዳኝ። ወፎቹን ያኖረበት ረጅም ክፍል ግድግዳ በሽልማት ወረቀት ተሸፍኗል። ሰማንያ ወፎች አሉ፤ የሁሉም ምንቃር በዘይት ያብረቀርቃል። ሩሜና ስትቀርብ ግን ብዙዎቹ ፊታቸውን ከሽቦው ጋር እያፋተጉ ነበር። ኪርር፣ ኪርር፣ ኪርር የሚለው ድምፅ ክፍሉን ሞልቶታል። ቬልኮ የማይሰማው ይመስላል።

«ባይ ቬልኮ፣ ትናንት ደውሎልህ ነበር።»

«ደውሏል። ና አለኝ፤ አልሄድኩም። ተቀያይመናል። አምስት ሳምንት ሆነኝ ደጁን ከረገጥኩ። እግዜር ነፍሱን ይማር፣ ግትር ነበር።» ራሱን ነቀነቀ። «ዘይት ወለል ላይ እንዳያፈስ ስንቴ መክሬዋለሁ!»

«ዘይቱን የመከርከው አንተ ነህ?»

«ማን ሊሆን ኖሯል? እነዚህ የዛሬ ሐኪሞች ምን ያውቃሉ? አርባ ዓመት በዘይት ነው ያከምኩት።» በኩራት ደረቱን ነፋ። «ያቺን የስታመንን ሰማያዊ ወፍ እይያት። ፊቷ ቅርፊት ብቻ ነበር። ይኸው ዘይቴ አዳናት፤ የግራው ጥግ ብቻ ነው የቀራት።»

ሩሜና አላስቆመችውም፤ ፊቷም አልተለወጠም። ኪሷ ውስጥ ግን የክብሪቱን ቤት ጨበጥ አደረገች። «አሥር ሰዓት ላይ ስታመን ቤት እንገናኝ» አለችውና ወጣች።

አሥር ሰዓት ሲሞላ አራቱም በስታመን ሳሎን ተሰብስበው ነበር፤ ኔድያልካ፣ ምላደን፣ ዶክተር ዝላቲና፣ ቬልኮ። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። የበረንዳው ወፎች አሁንም ዝም እንዳሉ ናቸው።

«ስታመን ተንሸራትቶ አልሞተም» ብላ ጀመረች ሩሜና። «ወፍ ሲቀባ ከወደቀ ቢያንስ የአንዷ ምንቃር ዘይት በነካው። ሁሉም ደረቅ ናቸው። ጠርሙሱም ከወር በላይ ከመደርደሪያው አልተነሳም ነበር። ዘይቱን ያፈሰሰው፣ ስንጥሩንም እጁ አጠገብ ያኖረው ሌላ ሰው ነው። አቶ ምላደን የዚያን ሰው ጫማ ሰምቷል።»

«ያልኩት እኮ ነው!» አለ ምላደን።

«ማነው ታዲያ ይሄ ሰው? ወፎቹ ቅንቅን እንደያዛቸውና በዘይት ይታከሙ እንደነበር ያውቃል። ስለዚህ አቶ ምላደን አይደለም፤ እሱ መታመማቸውንም ከእኔ ነው የሰማው። ግን ሰውየው ዘይቱ መቅረቱን አያውቅም። ለልያ ኔድያልካ ታውቃለች፤ ወፎቹን ለጠብታ የምትይዘው እሷ ናት። ዶክተር ዝላቲና ታውቃለች፤ ዘይቱን ያስቀረችው እሷ ናት። ሁለቱም አደጋ አስመስላለሁ ቢሉ ጠብታውን ነበር እጁ ላይ የሚያኖሩት። ዘይት ያፈሰሰው የዘይቱን ዘመን ብቻ የሚያውቅ ነው።»

ሁሉም ወደ ቬልኮ ዞሩ። ቬልኮ ሳቀ።

«አዲስ መድኃኒት አለማወቅ ወንጀል ሆነ? እኔ እንደሁ አምስት ሳምንት...»

«የሲንካ የግራ ጥግ ብቻ እንደቀራት ነግረኸኛል፣ ባይ ቬልኮ።»

«አዎ። እሱ ራሱ በስልክ ነገረኝ፤ ትናንት።»

«ትናንት በሁለቱም በኩል ነበረባት» አለች ሩሜና በቀስታ፣ የክብሪቱን ቤት ጠረጴዛው ላይ ከፍታ እያስቀመጠች። «የቀኙ የወደቀው ዛሬ ጠዋት አንድ ተኩል ላይ ነው። ይኸውልህ። እህቱ አይታዋለች፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወደ ገበያ ሄደች። አራት ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ እሱ ሞቷል። የግራው ጥግ ብቻ የቀራትን ሲንካን በዓይኑ ያየ ሰው፣ ዛሬ ጠዋት እዚህ ቤት የነበረ ሰው ነው። ዘይቴ አዳናት ብለህ ልትኩራራ ባትቸኩል ኖሮ ባላወቅኩ ነበር።»

ቬልኮ እግሮቹን ቀስ አድርጎ ወደ ወንበሩ ሥር ሳበ። አንደኛው ፖሊስ ጎንበስ ብሎ የተወለወለውን ጫማ ከነእግሩ አነሳው። ሶሉ ስንጥቅ ውስጥ ዘይት ገብቶ፣ ገለባ ተጣብቆበት ነበር።



«‹ቅዳሜ ወይ አንተ ትናገራለህ፣ ወይ እኔ እናገራለሁ› አለኝ» አለ ቬልኮ በመጨረሻ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «አርባ ዓመት የሠራሁትን ስም፣ በአንድ ቀን። ‹ቅርፊቱን እየፋቅክ፣ በዘይት እያብለጨለጭክ ለሕፃናት ትሰጣለህ› አለኝ። ገፋሁት። ልገድለው አላሰብኩም፣ በእናቴ!»

«ሲወድቅ ሕይወቱ ነበረች» አለች ሩሜና።

«ነበረች።»

«ዓይኑ ክፍት ነበር?»

ቬልኮ ራሱን ዝቅ አደረገ። «ያየኝ ነበር። ስልኬን አወጣሁ፣ ልደውል... ቅዳሜ ትዝ አለኝ። ስልኩን መለስኩት። ከዚያ ጠርሙሱን አየሁ።»

ኔድያልካ አልጮኸችም። ዶክተር ዝላቲና ትከሻዋን ያዘቻት፤ አሮጊቷ ግን የድንጋይ ያህል ደርቃ ቬልኮን ብቻ ታያለች። ፖሊሶቹ አንስተውት በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ወፎቼ» አለ። «ሰማንያ ናቸው። ማን ያበላቸዋል?»

ምላደን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያኔ ኔድያልካ ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ እየተጎተተች ሄዳ እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን።»

ቬልኮ አልገባውም።

«ቁልፉን አምጣ አልኩህ! ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ። እነሱ ምን አደረጉ?»

ቬልኮ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወርዱ የተረከዙ ድምፅ በደረጃው ላይ እየራቀ ሄደ። ኔድያልካ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጠችው። ከዚያ ካፖርቷን ከመስቀያው አውርዳ ወደ ሐኪሟ ዞረች።

«ያለሽ ጠብታ ለሰማንያ ይበቃል?»