የቀርሞን ግንብ ምንጭ

በሰንበራ መንግሥት፣ ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ብቅ ስትል፣ ምንጮች ሁሉ ባንድ ጊዜ ነጠፉ። ወፎች ከተማዋን ጥለው በረሩ፤ ፈረሶችም በጋጣቸው ውስጥ መሬቱን እየደበደቡ አልረጋ አሉ። የመንግሥቱ ነቢይት እሜቴ ዝማም በንጉሡ ፊት ቆመው፣

«ጉማሮ ነቅቷል!» አሉ። «ያ የድንጋይ ዘንዶ በቀርሞን ግንብ ፍርስራሽ ሥር ተጠምጥሞ የውሃውን በር ዘግቷል።»

ከጭፍራው መካከል ናርዶስ የምትባል ወጣት ጦረኛ ወጣች። «ውሃውን ሳላስለቅቅ ብመለስ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!» ስትል ማለች። ታላቅ ወንድሟ ይርጋውም ጋሻውን አንሥቶ ተከተላት።

ቀርሞን የጥንት ነገሥታት መናገሻ ነበር። አሁን ማማዎቹ ተንደዋል፤ የሾላ ሥር የአዳራሹን ወለል ሰንጥቆ ገብቷል። ግድግዳው በየአፍታው ይንቀጠቀጣል፤ ጠጠር ይረግፋል። ናርዶስ እጇን ከሰይፏ ላይ ማንሣት አቃታት።

«ምነው ቁጭ ብለሽ ትንሽ ብትተነፍሺ?» አላት ይርጋው።

«እንዴት ልቀመጥ፣ ወንድም ጋሼ? መሬቱ ራሱ አልቀመጥ ብሏል።»

ይርጋው ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ወለሉ ተገመሰና ጉማሮ ዐለት የለበሰ ራሱን አወጣ። ሰይፍ ቢያሳርፉበት ብልጭታ እንጂ ደም አልወጣውም። ዘንዶው ሲነሣ ግን ከሥሩ የነሐስ በር ታየ። ይርጋው ጋሻውን እየደበደበ ዘንዶውን ወደ አዳራሹ ጥግ ሳበው፤ ናርዶስም ዘላ ወርዳ የበሩን መወርወሪያ ጨበጠች።

ከበሩ ኋላ ውሃው ሲያጓራ ሰማች። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት፤ በሩ ከተከፈተ አዳራሹ ይሰምጣል። የመውጫው ደረጃ ከጎኗ ነው፤ በደረጃውና በወንድሟ መካከል ግን ጉማሮ ተዘርግቷል።

«ና! ውጣ!» ብላ ጮኸች።

«በየት በኩል? ክፈቺው!»

«አልችልም!»

«ናርዶስ! የሰንበራ ሕፃናት ጉሮሯቸው ደርቋል። እኔን አትይኝ፤ በሩን እይ!»

ዐይኗን ጨፍና ሳበችው።

ናርዶስ በደረጃው ወጥታ ዞር ስትል፣ ጎርፉ ጉማሮን ከአምዶቹ ጋር አላትሞ ሰባብሮት ነበር። ይርጋውን ብትጠራ፣ ብትጠራ፣ መልስ የሰጣት ውሃው ብቻ ነበር።

ምንጮቹ ዳግም ሲፈልቁ በሰንበራ እልልታው ቀለጠ። ንጉሡ ከዙፋናቸው ወርደው፣ «ልጄ፣ ግማሽ መንግሥቴን ብትጠይቂኝ አልነፍግሽም» አሏት።

«ንጉሥ ሆይ፣ ግንበኞች ይስጡኝ» አለች። «ወንድሜ ከፍርስራሽ ሥር ተኝቷል። ጣራ ላልብሰው።»

ንጉሡ እጃቸውን አንሥተው ፈቀዱ። ናርዶስ ለድሉ ከተዘጋጀው ግብር ሳትቀምስ ወደ ፈረሷ ሄደች፤ ግንበኞቹም መዶሻቸውን በትከሻቸው አድርገው ተከተሏት።