የንጋቱ አያት

«ስምንት? ከመቶ ስምንት?» ንጋቱ ውጤት የተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ ጣቱን ተክሎ ቀረ። «ሁሉንም እኮ ሠርቻለሁ፣ ዳሃባ!»

«አይዞህ፣ ወደቡ ጆንያ ተሸካሚ ይፈልጋል!» አለ አንዱ ከኋላ። ልጆቹ አውካኩ።

ዳሃባ አልሳቀችም። ዝርዝሩን ያወጣው የሷ ፕሮግራም ነው። መምህር አሥራት ቤዚክ የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ አስተምረው የኮምፒውተሩን ክፍል ቁልፍ ሲሰጧት «ከተሳሳትሽ ቁልፉን እቀበልሻለሁ» ብለዋታል። ትናንት ደግሞ ዲሬክተሩ ፊት «የዳሃባ ሥራ አይሳሳትም!» እያሉ ጉራቸውን ሲነዙ ነበር።

ሮጣ ክፍሉ ገባች። የጣሪያው ቬንቲላተር ሙቀቱን ዝም ብሎ ያማስላል። የንጋቱን መስመር አወጣች፦

NIGATU/CHERU//82/8

ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ውጤት፣ ክፍል። ፕሮግራሙ ያቺን ዘመም ያለች እዝባር ባገኘ ቁጥር ይቆርጥና ቁራጮቹን በየተራ ያስቀምጣል። ባዶ ቁራጭ ካጋጠመው ግን ይዘለዋል፤ እንዲዘል ያዘዘችው ራሷ ነች። ንጋቱ ደግሞ የአያቱን ስም ስለማያውቅ ሲመዘገብ ባዶ ትቶታል። ባዶው ሲዘለል የቀረው ሁሉ አንድ ቦታ ተጠጋ፤ 82 የአያት ስም ሆነ፣ ስምንተኛ ክፍልነቱ ውጤት ሆነ!

«ያ ረቢ! አልወደቀም!»

ወዲያው ቁልፉ ትዝ አላት። መምህር አሥራት በሩ ላይ ቆመዋል።

«ምን ሆነሽ ነው የምትጮሂው?»

«ቲቸር፣ ማሽኑ...» አለችና ዋጠችው። «ማሽኑ አይደለም። እኔ ነኝ። ንጋቱን የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችላቸው። እሳቸው ግን ስክሪኑን እያዩ ነበር።

«አያቱ ሰማንያ ሁለት?» ሳቃቸው አመለጣቸው። «ሌላ እንዲህ የሆነ አለ?»

«ሁሉንም አየሁ፤ እሱ ብቻ ነው።»

«በይ አስተካክይ። ስትጨርሺ ቆልፊው።»

ቁልፉን ወደ ኪሷ መለሰች።

አዲሱን ወረቀት ይዛ ስትመለስ ልጆቹ እዚያው ናቸው። ንጋቱ ደረጃው ላይ አቀርቅሯል። በጆሮው ልታንሾካሹክለት ትችል ነበር። ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ንጋቱ ሰማንያ ሁለት ነው ያመጣው! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ የአያቱን ባዶ ቦታ ዘልዬው ነው።»

ንጋቱ ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለቴ አነበበውና ጥርሱ ብቅ አለ።

«ቦታውን እንግዲህ በምን ልሙላው?» አለችው።

«ተይው ባዶ ይሁን» አለ። «አትዝለይው እንጂ።»

አሮጌውን ዝርዝር ከሰሌዳው ነቀለና አዲሱን የምትሰቅልበትን ሚስማር አቀበላት።