የእማማ ዋጋነሽ ቋጠሮ

ሳያት የምትባል ልጅ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤቷ እዚሁ ኮልፌ፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወረድ ብሎ ካለ ግቢ ውስጥ ነው። ሀዊ፣ የትኛው ግቢ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ አልነግርሽም። ዝም ብለሽ ስሚ።

በዚያው ግቢ እማማ ዋጋነሽ የሚባሉ ሴት ይኖራሉ። ብቻቸውን ናቸው። እንጀራቸው ዝርዝር መሸጥ ነው። የአንድ ብር ሳንቲም ከባንክ በከረጢት ያመጡና በትንንሽ ፌስታል ይቋጥሩታል። ጠዋት ማዞሪያው ላይ ቁጭ ብለው ለታክሲ ረዳቶች ይሸጣሉ። ረዳቶቹም ለድካማቸው ትንሽ ጨመር ያደርጉላቸዋል።

የእማማን ፌስታል ማንም ፈትቶ አይቆጥርም ነበር። ረዳት ቸኳይ ነው፤ ታውቁታላችሁ። "የእማማ ቋጠሮ ነው" ይላል፣ ብሩን ይሰጣል፣ ይሮጣል። ቋጠሯቸው የታወቀ ነው፤ ሁለቴ ጠምዘዝ ያደርጉና ጫፉን ወደ ውስጥ ይደብቁታል። እንደሳቸው መቋጠር የሚችል ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሷም ሳያት ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታግዛቸዋለች። ራሳቸው ናቸው ያስተማሯት። "የኔ ዓይን ደክሟል፤ ያንቺ ጣት ይባረክ" ይሏታል።

አንድ ቀን ጓደኛዋ ሄኒ በስልኳ ቪዲዮ አሳየቻት። ቪዲዮው ላይ አንድ ሰውዬ ይጮሃል። "ሚዛኑ ያለበትን ፊት ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ! ሳንቲሙን ገልብጡት! አንበሳው ተዘቅዝቆ ከመጣ ሃምሳ ሺህ ብር እጃችሁ ላይ ነው!"

ሳያት ያን ቀን ምሳ አልበላ አላት። በሃምሳ ሺሁ የምትገዛው የራሷ ስልክ በዓይኗ ላይ ዞረ። የእማማ ከረጢት ደግሞ አለ፤ ሙሉ ሳንቲም! ከዚያ ወዲያ ስትቋጥር እየገለበጠች ታይ ጀመር። አንዱ አንበሳ ቀጥ ብሎ ይመጣል። ሌላው ተዘቅዝቆ ይመጣል። የተዘቀዘቀውን ወደ ኪሷ! ፌስታሉን ግን እንደጎደለ ትቋጥረዋለች። "ላሳይና እመልሳለሁ። ደግሞስ የእማማን ማን ይቆጥራል?" አለች ለራሷ። እመልሳለሁ ብሎ የሚወስድ ሌባ አይደለም የሚል አለ? ጸሎት፣ አንገትሽን አትነቅንቂ፤ ሌባ ነው።

ከዚያ ምን ሆነ? ጉተማ የሚባል ረዳት ከተሳፋሪ ጋር በመልስ ተጨቃጨቀ። ሂሳቡ አልመጣ አለው። የእማማን ፌስታል ፈትቶ ቆጠረ፤ ጎደለ። ሌላ ያልተፈታ ፌስታልም ይዞ ወደ እማማ ሮጦ መጣ።

"እማማ፣ ዝርዝሩ ይጎድላል።"

"አይጎድልም ልጄ። ሌላ ሰው ነክቶት ይሆናል።"

"እስቲ ይዩት። ቋጠሮው የእርስዎ አይደለም?"

እማማ ተቀበሉት። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። "የኔ ነው" አሉ። መዋሸት አያውቁማ!

ጉተማ እፊታቸው ፈትቶ ቆጠረ። እሱም ጎደለ። ሌሎቹ ረዳቶችም እየፈቱ ቆጠሩ። "እናት ብለን አምነን! ይኸን ሁሉ ጊዜ ሲበሉን ነበር!" አለ አንዱ። ከታክሲ ወረፋው ሳይቀር ሰው ዞሮ አያቸው።

ሳያት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ እዚያው ደርሳ ነበር። ሳንቲሞቹ በቦርሳዋ ውስጥ ናቸው። "እኔ ነኝ" ብትል ይበቃ ነበር። አላለችም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። አይጧ ደግሞ ቆማ ታያለች! እንዴት እንደሚያናድደኝ ብታውቁ! ቀዳማዊ፣ አትሳቅ፤ አያስቅም።

እማማ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ወደ ቤት ገቡ። በነጋታው አልወጡም። ቦታቸውንም ሌላ ዝርዝር ሻጭ ያዘው።

ሳያትስ? ወደ ኮልፌ ገበያ ሄደች። "ሃምሳ ሺሁን ሳገኝ ለእማማም እሰጣቸዋለሁ" እያለች። ሰይጣን ሲያባብል እንዲህ ነው፣ ልጆች። እዚያ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ አቶ በየነ አሉ። ሳንቲሞቹን ዘረገፈችላቸው።

"ምን ሆነው ነው?" አሉ።

"አንበሳው ተዘቅዝቋል።"

አቶ በየነ አንዱን አንስተው ወደ ጎን ገለበጡት፤ ከዚያ ያንኑ ሳንቲም ወደ ላይ ገለበጡት። አንዴ ቀጥ አለ፤ አንዴ ተዘቀዘቀ። "አየሽ? ሁሉም እንደ አገላበጥሽው ነው። እጅሽ ነው የተሳሳተው። ይኸ አንድ ብር ነው የኔ ልጅ፤ ዳቦም አይገዛ።"

ሳያት እያለቀሰች ተመልሳ እማማ ቤት ገባች። እማማ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል።

"እማማ፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት።"

ቀስ ብለው ዞሩ። "ያን ቀን እዚያ ነበርሽ?"

"አዎ።"

"ስሰደብ እያየሽ?"

"አዎ እማማ።"

"ሳንቲሙስ ልጅነት ነው። ዝም ማለትሽ ነው ያቃጠለኝ" ብለው አለቀሱ።

በማግስቱ ሳያት ማዞሪያው ላይ ቆማ ለረዳቶቹ ሁሉ ተናገረች። ሳንቲሞቹንም መለሰችላቸው። ጉተማ እቤታቸው ድረስ ሄዶ የእማማ ጉልበት ላይ ወደቀ። እማማም "እግዜር ይቅር ይበልህ" አሉት። ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ግን ቦታቸው ተይዟልና ፀሐይ የሚመታው ጥግ ላይ ነው የሚቀመጡት።

ደስ አላችሁ? ቆዩ፣ አልጨረስኩም። ሳያት አንድ ከሰዓት ልታግዛቸው ገባች። "ተዪው ልጄ፣ እኔው ልቋጥር" አሏት። አልተቆጧትም። ፌስታሉን ብቻ ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

ጉተማም ዝርዝር ሲወስድ ቋጠሮውን ይፈታል፣ እፊታቸው ይቆጥራል። "ይቅርታ እማማ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው" ይላል። እማማ እጃቸውን አጣጥፈው እስኪጨርስ ይጠብቃሉ። ሳያት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ በዚያ ነው የምታልፈው። እግዚአብሔር ይቅር ብሏታል፤ እማማም ይቅር ብለዋታል። ጉተማ ግን ዛሬም ይቆጥራል።

ልጆቼ፣ የሰው አደራ አትንኩ፤ ካጠፋችሁም ሌላ ሰው በእናንተ ጥፋት ሳይሰደብ በፊት "እኔ ነኝ" በሉ።